ዓርብ፣ አራተኛ ፎቅ

ዓርብ ነው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ቆይተን፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ደረጃውን ይዘን፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ አርፌ፣
አራተኛው ደረስኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ።
«የታይላንድ ምግብ ነው አባዬ» ትላለች ምንትዋብ፤
ልጄ ናት። ደሞዝ የተቀበለች ዕለት
ሰው ካልጋበዘች በቀር እንቅልፍ አይወስዳት።

አስተናጋጁ ይድነቃቸው ይባላል፤ ለጋ ልጅ።
መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ «አንብብልኝ» አልኩት።
«ጾም አለ?» «አለ አባባ፣ ጾም የሞላበት ቤት!»
ሾርባ አመጣልኝ፤ ነጭ፣ ላዩ ቅባት ያዘለ።
እጄን ሰበሰብኩ። «ወተት ነው!» «አይደለም» አለ፣
«ከኮኮናት ነው።» «ኮኮናት ደግሞ ይታለባል?»
ምንትዋብ ሳቋን አፈነች፤ «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማናል።»

ማንኪያውን አነሣሁ። ከከንፈሬ ሳይደርስ
አፍንጫዬ ቀደመኝ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ።

ጠጅ ሣር!
ከግቢያችን ቧንቧ ሥር፣ ውሃ በሚያንጠባጥበው፣
ሟች ባለቤቴ ተክላው፣ እኔ የማጭደው፣
ሻይ ሲፈላ ሁለት ቅጠል የምንቀነጥሰው፣
ጎረቤት «ትንሽ ብቻ» እያለ ጨርሶ የሚወስደው።
ግሬደሩ የመጣ ዕለት፣ ቆርቆሮው ሲነሣ፣
አልጋ ጫንኩ፣ ሰነድ፣ ቁም ሣጥን፣ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር፤
ሣሩን ግን ልቤ ረሳ።
አሁን ሁለት ታክሲ ይዤ የምደርስበት ኮንዶሚኒየም ላይ
ሻይ እጠጣለሁ። ባዶ ሻይ።

በመስኮቱ ቁልቁል፣ የካዛንቺስን አዲስ አስፋልት፣ በዓይኔ ልለካ ሞከርኩ፤
ብስክሌት መንገዱ ላይ ነው ቧንቧችን? ከመብራቱ ሥር? አጣሁት። ተውኩ።

ሳህኑ ሲጋመስ ይድነቃቸው መጣ፤
ላብ በግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ወጣ።
«አባባ፣ ይቅርታ… ሼፏ አሁን ነገረችኝ፤
የዓሣ ውሃ አለበት። ጠብታ።» «ጠብታ?» «እ… ትንሽ አለችኝ።»
ምንትዋብ ቀላች። ዓሣ ይበላል፣ አይበላም፣
ከአጎቷ ጋር ሠላሳ ዓመት ተሟግተንበት አልተስማማንም።
እሱ «ይበላል» ባይ ነው። ምነው ዛሬ እዚህ በነበረ!

«አንሣው» አልኩ።
ከመነሣቱ በፊት ግን ጎንበስ ብዬ
አንድ ጊዜ፣ እስከ ሳንባዬ ድረስ፣ አሸተትኩ።
ማሽተት ያስገድፋል? ማንን ልጠይቅ?

ሼፏ ራሷ ወጣች፤ ኖይ ይሏታል፤ አጭር፣ እጇ እርጥብ፤
አማርኛዋ አራት ቃል ነው፣ ሁለቱ «ይቅርታ»።
ሾርባውን ጠቁማ፣ ከዚያ እኔን፣
«ጄ?» አለችኝ። «ጄ?»
«ጾም ማለቷ ነው» አለ ልጁ። «እነሱም በዓመት ዘጠኝ ቀን
ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፤ እናቷ ነጭ ለብሳ ነው አሉ የምትውል።
ነጭ ሽንኩርት እንኳ አትነካም።»
«ነጭ ሽንኩርትም?» «አዎ አባባ።»
ሽሮዬን አሰብኩና አፈርኩ።
«ጄ» አልኳት፣ ደረቴን እየነካሁ።
ሳቀች፤ ገብታ እንደገና ሠራችልኝ፤ ያለ ጠብታ።

ስንወጣ ጠራኋት። ምላሴ አልታዘዝ ሲለኝ በጣቴ ሠራሁት፤
ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሥሩ ወፈር ያለ።
ገባት። ሦስት ዘንግ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ።
«ለሻይ?» አለ ይድነቃቸው። «ለቧንቧ» አልኩት፤ አልገባውም።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ አፍንጫውን ነፋ፣
«ማነው ሽቶ የተቀባ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ ጠፋ።
እኔ ኪሴን በእጄ ሸፍኜ መንገዱን አያለሁ፣
የዓሣውን ነገር ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።

ማርማላታ በነበረበት ብርጭቆ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ሦስቱም ቆመዋል።
ዛሬ ረቡዕ ነው። ሥር አላወጡም ገና።
ውሃውን ቀየርኩ።